አረንጓዴ የተቀባው ስም

ጋርዝ ቶርቪክ ሬና ፔቲፎርድን አልፏት ሄደና ሻንጣዋን ያወረደላትን የታክሲ ሾፌር ጨበጠ።

«እንኳን ደህና መጡ! ስንጠብቅዎት ነበር» አለው።

ሾፌሩ ግራ ገባው። «እኔ እኮ መሄዴ ነው፣ ጌታዬ።»

ሬና አልገረማትም። በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ስትቆይ በየከተማው፣ በየመጀመሪያው ሰኞ፣ ሰዎች ከጀርባዋ ወንድ ሲፈልጉ አይታለች። አንዱ ቡና እንድታመጣለት ልኳታል። ሌላው ስብሰባው እስኪጀመር ወንበር እንድትደረድር አዟታል። ጥቁር ናት፣ ሴት ናት፣ ቁመቷም አጭር ነው። ሥራዋን አብጠርጥራ እንደምታውቅ ግን ግንባሯ ላይ አልተጻፈም፤ ሰው ደግሞ ያልተጻፈ አያነብም። የተማረው ከሁሉ ይብሳል።

«የሶፍትዌር አርክቴክቷ እኔ ነኝ፣ አቶ ቶርቪክ» አለች እጇን ዘርግታ። «ሾፌሩን ይልቀቁት፤ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል።»

ጋርዝ እስከ ጆሮው ቀላ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ለማውራትም ይቀል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶርቪኮች ዱሉዝ ከተማ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ በጢስ እያበሰሉ ሲሸጡ ሦስት ትውልድ ሆኗቸዋል። ድሮ አንድ የጢስ ቤትና አንድ ሱቅ ነበራቸው። አሁን ሱቁ አሥራ አራት ደርሷል፤ በበረዶ የታሸገ ካርቶን በየግዛቱ ይልካሉ። ትእዛዝ የሚቀበለው፣ ዓሣውን የሚቆጥረው፣ መኪናውን የሚያሰማራው ፕሮግራም ግን ለአንድ ሱቅ የተሰፋ ልብስ ነበር። ድርጅቱ እየወፈረ ሲሄድ ብብቱ ጋ ይተረተር ጀመር።

እንዲህ ሲሆን ነው ሬናን የመሰለ አማካሪ የሚጠራው። አራት ወር ያህል ትቀመጣለች። የቱ ግድግዳ ቀድሞ እንደሚወድቅ ትናገራለች፤ ፕሮግራሙ እንዴት ተከፋፍሎ እንደ አዲስ እንደሚቆም ትነድፋለች፤ አዲስ የተቀጠሩትን ባለሙያዎች ትመራለች። እግራቸው ሲጸና ሻንጣዋን አንሥታ ትሄዳለች። መሄድ የሥራዋ ግማሽ ነው። እሷም ብትሆን መሄዱን ትወደው ነበር፤ እዚህ ከተማ እስክትመጣ ድረስ።

ያንን ፕሮግራም ብቻውን የሠራው ሰው ኤሮ ላህቲ ይባላል። ከጢስ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሹራቡ በጋ ከክረምት ጢስ ጢስ ይላል።

ወደ እሱ ይዘዋት የወጡት የጋርዝ እናት ኢንገር ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዓሣው መብሰሉን በማሽተት ብቻ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ጡረታ ይውጡ የሚላቸው ደፋር የለም።

«አንተ!» አሉ በሩን በክርናቸው ገፍተው። «የምትመረምርህ ሴት መጥታለች። ጸጉርህን አበጥር።»

«አበጥሬዋለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያ መስተዋቱ ዋሽቶሃል።»

ኤሮ ተነሥቶ ጨበጣት። ትንሽ አፍሯል። ከጀርባዋ ግን ማንንም አልፈለገም። ሬና ይህን ልብ አለች።

«ለሁሉም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ወንበር ስባ። «ነገ አውቶቡስ ቢገጭዎት እዚህ ቤት ምን ይቆማል?»

ኤሮ አሰበ። «የዱሉዝ አውቶቡስ? እሱ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እዘልለታለሁ።»

«ባይዘሉትስ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ሁሉም ይቆማል» አለ በመጨረሻ። ሲናገረው አልኮራበትም። የሚያመውን ቦታ ለሐኪም የሚያሳይ ነበር የሚመስለው።

«ለእህቱ ሠርግ ሂቢንግ ከተማ ሄዶ ነበር» አሉ ኢንገር ከበሩ ሳይርቁ። «ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ምሳው ሳይቀርብ ደወልንለት። በሙሉ ልብስ መጥቶ እዚህ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሽቦ ሲነካካ አየሁት። ሙሽሪት እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።»

«እርስዎን አይደለም፣ እኔን ነው ያኮረፈችው» አለ ኤሮ።

«ሁለታችንንም ነው። ሂድና ጠይቃት።»

ሬና የራሷ አሠራር ነበራት። ፕሮግራሙን ብቻዋን ተቀምጣ አታነብም። ከሠራው ሰው ጎን ትቀመጥና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ «ይኼ ለምን ሆነ?» ትላለች። ምን እንደተወሰነ፣ ለምን እንደተወሰነ፣ በእሱ ፈንታ ምን እንደቀረ በአንድ ገጽ ትጽፋለች፤ ቁጥርና ቀን ትሰጠዋለች። የውሳኔ ገጽ ይሉታል፤ በሙያው የተለመደ ነው። ሠሪው ቢሄድ እንኳ ምክንያቱ አብሮት እንዳይሄድ ነው።

«ሐሙስ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ምንም ትእዛዝ አይጸድቅም። ለምን?»

«ኢንገር ጸጉራቸውን የሚሠሩበት ሰዓት ነው።»

«ለጸጉር ብለው ድርጅት ያቆማሉ?»

«አንድ ሐሙስ እሳቸው ሳይኖሩ ዓሣውን አወጡት። አርባ ካርቶን ጥሬ ዓሣ ቴክሳስ ደረሰ።» ትንሽ ቆየና ጨመረ፤ «በሐምሌ፣ በሐሩሩ።»

ሬና ሳቋ አመለጣት። ሥራ ላይ የማትስቅ ሴት ነበረች፤ ሥራ ላይ የሳቀች ሴት ቡና አምጪ ትባላለች።

«ይቺስ? ይቺ ደንበኛ ለብቻዋ ሕግ ወጥቶላታል። ግማሽ ዓሣ ታዝዛለች፣ ሙሉ ይላክላታል።»

ኤሮ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። «ወይዘሮ ስኮግ ናት። ባሏ ሲሞት ከእንግዲህ ግማሽ ይበቃኛል ብላ ጻፈች። እኛ ደግሞ ግማሽ አንሸጥም። ኢንገር ሙሉውን ላክላት፣ ግማሽ ነው በላት አሉኝ። ጋርዝ አያውቅም።»

ሬና መጻፍ ጀመረች። ውሳኔ ቁጥር ሠላሳ አንድ። ምክንያት የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ምክንያቱን ምን ልበል?»

«ብቻዋን ነው የምትበላው በይ» አለ።

በይ አላት። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበር የሚላት። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። እሷ የተባለችውን ጻፈች፤ እሱ መስኮቱን አየ። በጭጋጉ ውስጥ አንድ የብረት ማዕድን የጫነ መርከብ ጡሩምባውን ነፋ።

«በአሥራ አንድ ዓመት» አለ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሲበላሽ ብቻ ነው የሚጠሩኝ።»

ይህን ሬና ገጹ ላይ አልጻፈችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ገጽ የሚበቃትን ነገር ግማሽ ቀን ታስወራው ጀመር።

ኢንገር ዓይን አላቸው። «ያ ምርመራ አላለቀም?» ይላሉ ደረጃው ሥር ቆመው።

«ገና ነው፣ እማማ» ትላለች ሬና።

«እኔ ባሌን ለማግባት ይህን ያህል አልመረመርኩትም። ብመረምረው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።»

ሰኔ ሲገባ ምሳቸውን ከቤቱ ጀርባ ባለው ድንጋይ ላይ መብላት ለመዱ፤ ጥቁር ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ከጢስ ቤቱ የወጣ ትኩስ ዓሣ። ሐይቁ በዚያ የበጋ ወር እንኳ አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ አለው። ኤሮ ስልኩን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ይይዛል፤ ሲዋኝ ጭምር በአንገቱ አንጠልጥሎ ነው።

«ይህን ስልክ አንድ ቀን ብትጥለው የት ትሄዳለህ?» አለችው። ለየትኛውም ገጽ የሚሆን ጥያቄ አልነበረም። ቢያንስ ለእሷ እንዲያ መሰላት።

በእጁ ወደ ሐይቁ መካከል ጠቆመ። «ደሴት አለች። ስልክ አይሠራባትም። በታንኳ ሄዶ ስምንት ቀን እዚያ መሰንበት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነበር የማስበው።» ዳቦውን ቆረሰና ተወው። «አሁን ታንኳዋ ሁለት ሰው ትይዝ እንደሆነ እያሰላሁ ነው።»

«እኔ አጭር ነኝ» አለች ሬና። «ብዙ ቦታ አልወስድም።»

ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም። ነፋሱ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለው፤ አነሣላት፤ እጁ ጉንጯ ላይ ቀረ። ሲስማት ሁለቱም ሽንኩርት ይሸቱ ነበር፤ ደንታም አልሰጣቸው። ከላይ መስኮት ተከፈተና የኢንገር ድምፅ መጣ፤ «እንግዲህ አለቀ ማለት ነው፣ ምርመራው!»

ሬና ለባለቤቶች የምታዘጋጀው ሪፖርት የአደጋዎች ዝርዝር አለው። ድርጅቱን ሊጥል የሚችለው ነገር ሁሉ በተራ ይጻፋል፤ የሚያሰጋው ቀይ ይቀባል፤ መላ ሲያገኝ አረንጓዴ ይቀባና «ተዘግቷል» ይባላል። የቶርቪክ ዝርዝር ላይ አንደኛው ተራ፣ ቀዩ፣ ኤሮ ላህቲ ነበር። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ይጨመርለት፤ ሰውየውም እረፍት ይውሰድ ብላ ረቂቁ ላይ ጽፋ ነበር።

ኤሮ አየውና ሳቀ። «ቀይ አደረግሽኝ።»

«አደጋ ነሃ።»

«ለማን?»

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።» ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ይህ ተራ አረንጓዴ የሆነ ዕለት ታንኳዋን መኪናው ላይ ጫን። በዚያን ቀን ማንም አይደውልልህም።»

«ማንም?»

«ማንም። እኔ አደርገዋለሁ።»

አደረገችውም። የሠራችውን ያህል በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ጎበዝ ወጣቶች አስቀጠረች። ኤሮ አሥራ አንድ ዓመት በሆዱ የያዘውን ሁሉ አወጣላት፤ የረሳውን ትዝ እያስባለች አስወጣችው። የትኛው ሱቅ መብራት ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ፣ የትኛው ሾፌር ጽሑፍ እንደማያነብ፣ የትኛው ቁጥር ላይ የሟች አባቱን የልደት ቀን እንደተጠቀመ። መቶ አርባ ሁለት ገጽ ሞላ። ሁለቱ ወጣቶች ያንን አንብበው አዲሱን ፕሮግራም አቆሙት።

በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ተከፈተ። ኤሮ እጁን ኪሱ ከቶ ቀኑን ሙሉ ቆመ። ትእዛዙ ገባ፣ ዓሣው ተቆጠረ፣ መኪናው ወጣ። አንድም ሰው ስሙን አልጠራም።

«ዛሬ የፈለገህ የለም» አሉት ኢንገር። «ትንሽ አልከፋህም?»

«ትንሽ» አለ ፈገግ ብሎ።

በዚያው ዕለት ከሥራ መልስ ሬና ሪፖርቱን ከፈተች። ባለቤቶች ረጅም ነገር አያነቡም፤ ይህን ከአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዋ ተምራለች። ስለዚህ አንደኛውን ተራ አሳጠረችው። የሚጨመሩት ሰዎች ተጨምረዋል፤ አወጣችው። የእረፍቱ ነገር ያለቀ ጉዳይ ነው፤ እሱንም አወጣችው። ቀዩን አረንጓዴ ቀባችው። የቀረው ቃል ይኼ ነው፤ «ኤሮ ላህቲ። ተዘግቷል። ድርጅቱ ከእንግዲህ በእሱ ላይ አይመሠረትም።»

ስትጽፈው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከደስታ። ለወዳጇ የምትጽፈውን ለአለቃው ላከችው። የተማረ ሰው ስሕተት ይኼ ነው፤ ቃሉን አጣርቶ አጣርቶ ልቡን አብሮ ያፈሰዋል።

ጋርዝ በበኩሉ፣ ሱቁን ሃያ ለማድረስ ከቺካጎ ሸሪኮች አስገብቶ ነበር። ሸሪኮቹ ደግሞ ማን ለምን እንደሚያስፈልግ ሲጠይቁት ሰንብተዋል። ሪፖርቱን እሑድ አነበበ።

ሰኞ ጠዋት ኤሮ ታንኳዋን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። ኮምፒዩተሩን ዘግቶ፣ ኢንገርን ተሰናብቶ ሬናን ከሆቴሏ ሊወስድ ነበር ሐሳቡ። የይለፍ ቃሉን ጻፈ። አልተቀበለውም። ደገመ። አልተቀበለውም። ለሬና ደወለ።

«ቃሌ አልሠራ አለኝ» አለ እየሳቀ። «ያንቺ ልጆች ነካክተውት ይሆን?»

ሬና ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። እጇ ዚፑ ላይ ደረቀ። ገጽ መቶ አሥራ ስምንትን የጻፈችው እሷ ናት፤ የሚሰናበት ሠራተኛ ሲኖር ለሰውየው ከመነገሩ በፊት የይለፍ ቃሉ ይዘጋ ይላል። ለጥንቃቄ ነው፤ በሙያው የተለመደ ነው።

«ኤሮ፣» አለች፤ ሻንጣውን ትታ ተነሣች። «ኤሮ፣ ከዚያ ክፍል ውጣ። አሁኑኑ ወደ እኔ ና።»

«ቆይ፣ ጋርዝ እየመጣ ነው» አለ። በስልኩ ውስጥ የጋርዝ ጫማ የእንጨቱን ደረጃ ሲወጣ ሰማችው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ስትደርስ ኤሮ መኪናው አጠገብ ቆሟል። በእጁ አንድ ካርቶን ይዟል፤ ውስጡ ኩባያና ሹራብ አለ። የሠራው ነገር ሁሉ ካርቶን የማይገባ ነበር።

«ኤሮ፣ ስማኝ። እኔ የጻፍኩት ለእረፍትህ ነው። ለደሴቷ ነው።»

«አሳይቶኛል የጻፍሽውን» አለ ቀስ ብሎ። «ደሴት የሚል አላየሁም።»

«እሱ የራሱን ትርጉም ነው የሰጠው!»

«አሥራ አንድ ዓመት ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ሬና። አንቺ ለምን እንደጠየቅሽኝ አሁን ገባኝ።»

«እንደሱ አትበል። በእግዚአብሔር እንደሱ አትበል።»

ካርቶኑን የኋላ ወንበር ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ በሩን እንኳ አላጋጨም። ታንኳዋን እንደተሸከመ በሐይቁ መንገድ ወደ ሰሜን ነዳ፤ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

ጋርዝ ቢሮ የገባችው ሳታንኳኳ ነው።

«ምን አደረግህ አንተ?»

«ያልሽኝን ነው» አለ ጋርዝ። የእውነት ግራ ገብቶታል። «አደጋው ተዘግቷል አልሽ። ቺካጎዎቹ በየሳምንቱ የሚቀነስ ሰው ስም ይጠይቁኛል። ለእኔስ ቀላል መሰለሽ? ከልጅነቱ የማውቀው ሰው ነው።»

«እረፍት እንዲወጣ ነው ያልኩህ!»

ወረቀቱን አዙሮ ገፋላት። «እረፍት የሚል የት ነው ያለው?»

አነበበችው። ሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር። የለም። ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል እያለች ስንቱን ስታስተምር የኖረች ሴት፣ በገዛ እጇ የሰረዘችውን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር።

ኢንገር በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ዓሣ የሚገለብጡበትን መቆንጠጫ ልጃቸው ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት። «አባትህ ይህን ልጅ ከሀያ ሠራተኛ በላይ ይወደው ነበር። ለቺካጎ ሰዎች ያንን ለምን አልነገርክልኝም?»

«እማዬ፣ ድርጅት እየመራሁ ነው።»

«እኔም መርቻለሁ። ሰው አልጣልኩም።» ወደ ሬና ዞሩ። ሬና የሚያጽናናት ቃል ጠብቃ ነበር። «አንቺም ብትሆኚ! እኔ መጻፍ አልችልም፤ ወዳጄን ግን በሦስት መስመር አልቀብረውም።»

ሬና አንገቷን ደፋች።

ውሏ ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበርና ተቀመጠች። በየጠዋቱ ስክሪኑ ፊት እየተቀመጠች አንድ ነገር እንዲበላሽ ትመኝ ነበር። አንድ ሱቅ ይቁም፣ አንድ መኪና ይጥፋ፣ ጋርዝ ወደ ስልኩ ይሩጥ። ምንም አልተበላሸም። ሥራዋ እንከን አልነበረበትም። የወይዘሮ ስኮግ ዓሣ እንኳ በቀኑ ደረሰ። ጋርዝ ለሌላ ስድስት ወር እንድትቆይለት ሲለምናት አይሆንም አለችው፤ ለምን ብሎም አልጠየቃት።

ለኤሮ ስትደውል አያነሣም። ጻፈችለት፤ አልመለሰም። በጥቅምት፣ ቅጠሉ ሁሉ ከረገፈ በኋላ፣ መኪና ተከራይታ ወደ ሰሜን ነዳች። ግራንድ ማሬ በምትባል የወደብ መንደር ጀልባ ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር እንደሚሠራ የነገሯት ኢንገር ናቸው። «የምነግርሽ ለአንቺ ብዬ አይደለም» ብለዋታል። «እሱ ብቻውን ስለሚበላ ነው።»

በሩን ሲከፍት አልደነገጠም። ከስቷል። እጁ ላይ ቀለም ደርቋል፤ ሹራቡ ጢስ ጢስ ማለቱን ትቷል።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» አለ።

አስገባት። ካፖርቷን ተቀብሎ ሰቀለላት። ሻይ አፈላ። በምድጃ የተጋገረ ድንችና ሥጋ አቀረበላት፤ ጨው ካነሰው ብሎ ጨው አመጣ። ስለ መንገዱ ጠየቃት። ስለ ኢንገር ጤና ጠየቃት። እንዲህ ነው የዚያ አገር ሰው፤ የሚያኮርፈውን ሰው ከሚወደው አብልጦ ያስተናግደዋል። ሬና ሹካዋን አስቀመጠች።

«አጥፍቻለሁ» አለች። «አስቤ አይደለም፤ ግን አጥፍቻለሁ። ሳልጠይቅህ ስምህን ላክሁ። ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ።»

«ምንም አይደለም።»

«ምንም አይደለም አይባልም!»

«እዚህ ሥራው ጥሩ ነው። ሰዎቹም ጥሩ ናቸው።» ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። «አንድ ነገር ብቻ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል» አለ። «በጋውን ሁሉ ስትጠይቂኝ ነበር። የቱ ለሥራው ነበር? የቱ ለእኔ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሁሉም ላንተ ነበር ብትለው ሊያምናት እየለመነ ነው ዓይኑ። ሬና ግን የበጋውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በልቧ አገላበጠች። የሐሙሱ? ለሥራው። የመበለቷ ዓሣ? ስትጠይቅ ለሥራው ነበር፤ ጆሮውን ሲያሻሽ ግን ለእሱ ሆነ። የአባቱ የልደት ቀን? ያን ዕለት እጁን ይዛ ነበር፤ በሌላ እጇም ትጽፍ ነበር።

«መለየት አልችልም» አለች።

ኤሮ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደሚያውቀው ሁሉ። «እኔም ሞከርኩ። እኔም አልቻልኩም። አንቺን ባሰብኩ ቁጥር ያ ወረቀት አብሮሽ ይመጣል። በእያንዳንዱ ቀን ውስጥ አለ።»

«አሁንስ ትወደኛለህ?»

«እሱማ» አለ፤ ወለሉን እያየ። «እሱ አልቀረም። ያስቸገረኝም እሱ ነው።»

ውጭ ወደቡ ላይ የጀልባ ገመድ ምሰሶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሊመሽ ሲል ተነሣና ካፖርቷን አወረደላት። የተረፈውን ምግብ በሳህን ከድኖ በፎጣ አሰረው። ሻዩን በፔርሙስ ሞላ። አብሯት ወጥቶ የመኪናዋን መስተዋት በእጅጌው ጠረገላት።

«ከዚህ እስከ ዱሉዝ አጋዘን ይወጣል» አለ። «ቀስ ብለሽ ንጂ። ስትደርሺ ለኢንገር ሰላም በዪልኝ።»

«እሺ» አለች።

«በረዶ ከጣለ መንገድ ላይ እደሪ።»

«እሺ።»

ገብታ ተቀመጠች፤ ሞተሩን አስነሣች። እሱ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ለጎረቤት፣ ለፖስታ አመላላሽ የሚያሳየው ያ ጨዋ ፊቱ ነው። በዚህ ፊት ተሸኝታ መኖር እንደማትችል ያን ጊዜ ገባት። ብትሰደብ ትሄዳለች፤ ብትመታ ትሄዳለች፤ እንዲህ ተደርጋ ግን አትሄድም።

ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ሳህኑን ከነፎጣው፣ ፔርሙሱን ከነሻዩ መልሳ እጁ ላይ ጣለችበት።

«ለመንገደኛ የምታደርገውን አታድርግልኝ» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገችውም። «ሠርግህን... የእህትህን ሠርግ ትተህ የሠራኸውን ነው የወሰድኩብህ። አሥራ አንድ ዓመትህን ነው። ይቅር አትበለኝ፤ አልጠየቅኩህም። ተመለሺም አትበለኝ። ግን በዚህ ጨዋነትህ አትሸኘኝ። የሠራሁብህን አንድ በአንድ፣ ስሜን ጠርተህ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ንገረኝ። እሱን ሳልሰማ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አልልም። ጩህብኝ፣ ኤሮ። አሁን ጩህብኝ።»